ደብል ልምታ ለምትሉ ልጆች፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ተማሪዎችና ወላጆች ያው አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ «ቲቸር፣ ደብል ልምታ? 11ኛን ዘልዬ 12ኛ ብገባስ?» ጠያቂዎቹ ሰነፎች አይደሉም። በጦርነቱና በጸጥታው ችግር ትምህርት ተቋርጦባቸው ዓመት የባከነባቸው አሉ። ከመንዝና ከመርሃቤቴ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ከቤት በሚላክ ስንቅ የሚማሩ አሉ። የአንድ ዓመት ኪራይ ቢቀርለት ለቤተሰቡ ትልቅ እፎይታ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አልንቀውም። የሚያንገበግበኝ አወሳሰናቸው ነው።

ብዙዎቹ የሚወስኑት ዓመት ቆጥረው ነው። አንድ ዓመት ተረፈ የሚባለው ግን ብሔራዊ ፈተናው ሲታለፍ ነው። ግማሽ ያላመጣ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። በ2014 ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ተሻሽሎ 8.4 በመቶ ደረሰ። ያልሞላለት ወይ ሪሜዲያል ይገባል፣ ወይ በግል ደግሞ ይፈተናል። ሪሜዲያልም የራሱ መግቢያ ነጥብ አለው። ሪሜዲያል ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት እንደገና መማር ነው። የዘለላችሁት 11ኛ እዚያ ይጠብቃችኋል።

«ክፍተቱን በሾርት ኖት እሸፍነዋለሁ» የሚለው ነገር ደግሞ ያስቆጣኛል። ከቴሌግራም የወረደ ኖት ምዕራፍ ያስታውሳችኋል እንጂ እጃችሁን አያፍታታም። አንድ የዘለለ ልጅ ነበረኝ፤ ጭንቅላቱ ፈጣን፣ ቀለም የሚገባው። 12ኛ ላይ የካልኩለስ መጀመሪያ የሆነውን ሊሚት ስንጀምር ቀላል የምትባለውን ጥያቄ ሰጠሁት። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9፣ ለኤክስ ሲቀነስ 3 ይካፈላል፤ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ስንት ይሆናል? በኤክስ ቦታ 3 አስገባ። ላይም ዜሮ፣ ታችም ዜሮ ሆነበት። ጠመኔውን አስቀምጦ «መልስ የለውም» አለኝ። መልሱ 6 ነው። ላይ ያለውን ከፋፍሎ፣ የጋራውን አጣፍቶ፣ የቀረው ላይ 3ን ማስገባት ብቻ ነበር። ይህን ማጣፋት እስኪሰለቻችሁ የምትሠሩት 11ኛ ላይ ነው። ካልኩለሱን ቢያቅተው ኖሮ አይቆጨኝም ነበር፤ ያቃተው ግን ከካልኩለሱ በፊት ያለው ነው። ሶሻል ነን የምትሉም ሒሳብ አይቀርላችሁም። ፊዚክስና ኬሚስትሪም እንደዚሁ አንዱ በአንዱ ላይ የሚቆም ትምህርት ነው። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሌሎቹ የሚያውቁትን ሲያሳድድ የ12ኛው አመለጠው።

ወረቀት ማሠራት፣ ማለትም የሐሰት ማስረጃ ማስወጣት። እዚህ ላይ አልለዝብም። ዩኒቨርሲቲ ሲመዘግብ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬትና ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕት ይጠይቃል። የ11ኛው ውጤት ሲጎድል ደላላ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። አባት በግ ሸጦ ለእንዲህ ያለ ሰው ሲከፍል አይቻለሁ። ልጁ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ትዳር መሥርቶ ከዓመታት በኋላ የማስረጃ ማጣራት ይመጣል። ያኔ የሚጠየቀው ደላላው ሳይሆን ልጁ ነው። እባካችሁ፣ ይህን በር አትክፈቱት።

«ይቻላል ተብሏል» ብላችሁም አትጀምሩ። ማን አለ? ርዕሰ መምህሩንና ሪከርድ ክፍሉን ጠይቁ፤ መልሱን በደብዳቤ ተቀበሉ። ርዕሰ መምህር ይዛወራል፤ ደብዳቤው ግን እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ወላጆች ደግሞ «ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለልን፣ ከዓይናችን አይርቅም» ይላሉ። ምደባው በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ነው። ጅማም ጋምቤላም ሊደርስ ይችላል። ዕድሜው ገና የሆነ ልጅ ዶርም ገብቶ፣ ብሩን ራሱ አብቃቅቶ፣ ሲታመም ራሱ ክሊኒክ ሄዶ እንደሚኖር አስቡት። የሚችል አለ፤ የማይችልም አለ። እናት ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ እሷን ስሟት።

ፈተናው ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠቱንም አትርሱ፤ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ልጅ የሚለማመድበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ማንም አይዝለል ማለቴ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በሕጋዊ መንገድ ከፈቀደ፣ ዕድሜው የገፋና መሠረቱ የጠነከረ ልጅ ቢሞክር ደስ ይለኛል። መለኪያውም ሩቅ አይደለም። የ11ኛን የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ከየመምህሩ ለምኑ። ስልክ ሳትይዙ፣ ሰዓት አስቀምጣችሁ ሥሩት። ሒሳቡንና ፊዚክሱን፣ ሶሻል ከሆናችሁ ሒሳቡንና ኢኮኖሚክሱን፣ ሳትንገዳገዱ ካለፋችሁ እንነጋገራለን። እኔ ዘንድ ያሉትን የሒሳብ ፈተናዎች ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ እርማቱንም አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን። ግን መስከረም ምዝገባ ላይ ሳይሆን ሐምሌ ላይ ኑ።