ስክሪኑ ላይ ጥርት፣ ፊልሙ ላይ ድብዝዝ፦ የመንታ ሌንስ ካሜራ ፎከስ ችግርና መፍትሄ

እንደ ሮሊፍሌክስ፣ ያሺካ ማት ወይም ሉቢቴል ባሉ ካሜራዎች የምታዩት በላይኛው ሌንስ ነው፤ ምስሉ ውስጥ ባለው መስታወት ተንጸባርቆ ከላይ ባለው ፍዝ ስክሪን ላይ ያርፋል። ፎቶውን የሚያነሳው ግን የታችኛው ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ስክሪኑ ይዋሻል። ልዩነቱን ደግሞ እንዳትንቁት። በ75 ሚሊሜትር ሌንስ ስክሪኑ 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ 2 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ስታነሱ ፎከሱ 13 ሳንቲሜትር ያህል ይስታል።

ምልክት፦ ሁልጊዜ ካነጣጠራችሁበት ኋላ ያለው ነው የሚጠራው

ስክሪኑ ከፍ ብሏል፣ ወይም የላይኛው ሌንስ ወደ ውጭ ወጥቷል። መጀመሪያ የምጠረጥረው ግን ለጽዳት ወጥቶ ተገልብጦ የተመለሰ ስክሪን ነው። ፍዙ ገጽ ወደ ታች፣ ወደ መስታወቱ መዞር አለበት። ብዙ ጊዜ መፍትሄው ገልብጦ መመለስ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ሁልጊዜ ከፊት ያለው ነው የሚጠራው

ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ስክሪኑ ዝቅ ብሏል ወይም ሌንሱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ውስጥ ያለው መስታወት በወፍራም ተቀይሮ ከሆነም እንዲሁ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ደብዛዛ ድርብ ምስል ካያችሁ ተራ መስታወት ተገጥሞበት ሊሆን ይችላል። የካሜራ መስታወት የሚያንጸባርቀው በፊት ገጹ ነው።

ምልክት፦ አንዱ ጎን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል

ካሜራው ወድቆ ሌንሶቹ የተገጠሙበት ሰሌዳ ተጣሞ ይሆናል። በስክሪን አይስተካከልም፤ ለባለሙያ ስጡት።

ምልክት፦ አልፎ አልፎ አንድ ፎቶ ብቻ ይበላሻል

ይህ የስክሪን ጥፋት አይደለም። ፊልሙ ለቀናት ካሜራው ውስጥ ሳይነካ ከቆየ ሮለሩ ላይ የታጠፈው ቦታ ይጎብጣል። ስክሪኑን አትንኩ።

ማስተካከል

ብዙዎች እዚህ ጋ ይቸኩሉና ቀጥታ የላይኛውን ሌንስ ማዞር ይጀምራሉ። ቅደም ተከተሉ ግን ከታች ነው የሚጀምረው፤ የታችኛው ሌንስ ካልተረጋገጠ የላይኛውን ከምን ጋር ልታስማሙት ነው?

ፊልም ሳይኖር ጀርባውን ክፈቱ። ፍዝ መስታወት ፊልሙ በሚያርፍባቸው ሐዲዶች ላይ አስቀምጡ፤ ፍዙ ገጽ ወደ ሌንሱ ይዙር። ሐዲዶቹ ሁለት ጥንድ ናቸው። ፊልሙ የሚያርፈው በውስጠኞቹ ላይ ነው፤ ውጪኞቹ የጀርባው ሳህን የሚደገፍባቸው ናቸው። እዚህ መሳሳት ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉ። ሹተሩን (የብርሃን መዝጊያውን) ቢ ላይ፣ ማለትም ቁልፉ እስከተጫነ ክፍት በሚቆይበት ምልክት (B) ላይ ክፈቱና በሹተር ገመድ ቆልፉት፤ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) እስከ መጨረሻ ክፈቱ። ፎከሱን ኢንፊኒቲ (የመጨረሻው ሩቅ፣ ∞) ላይ አድርጋችሁ በጣም ሩቅ ያለ፣ ጠርዙ ደማቅ ነገር ፍዙ መስታወት ላይ በአጉሊ መነጽር እዩ። ካልጠራ ችግሩ የታችኛው ሌንስ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

ከጠራ ምንም ሳታንቀሳቅሱ ስክሪኑን እዩ። ያው ነገር እዚያ ካልጠራ፣ ስክሪኑ ከታች የሚደገፍ ከሆነ በስስ ማካካሻ (ከሥር በሚገባ ቀጭን ንጣፍ) ከፍ አድርጉት ወይም የነበረውን ማካካሻ አውጡ። በአንዳንድ ካሜራዎች የላይኛው ሌንስ በጥቃቅን ብሎኖች የተያዘ ነው፤ ብሎኖቹን ላላ አድርጋችሁ ሌንሱን በጥቂቱ ማዞር ይበቃል። ከማዞራችሁ በፊት በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሉቢቴል ላይ ደግሞ ሁለቱ ሌንሶች በጥርስ ተያይዘው ስለሚዞሩ፣ ተፈትቶ ሲገጠም አንድ ጥርስ መዝለል ብቻውን ያጣላቸዋል።

በመጨረሻ 1 ሜትር ላይ ያለ ነገር ላይ ደግማችሁ አወዳድሩ። ሩቁ ተስማምቶ ቅርቡ እምቢ ካለ የላይኛው ሌንስ ከሌላ ካሜራ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያኔ ማካካሻ መደራረብ ዋጋ የለውም፤ ትክክለኛው ሌንስ ተፈልጎ መገጠም አለበት።