የድብርት መድኃኒት የአልጋውን ነገር ሲያበላሽብሽ ምን ታደርጊያለሽ?

ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊን፣ ኤስሲታሎፕራም፦ ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው ተቀራራቢ ነው። አእምሮ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያበዛሉ። ድብርቱ ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይመለሳል፣ ምግብ መጣፈጥ ይጀምራል። ችግሩ ያው ሴሮቶኒን የወሲብ ስሜትንም ይጫነዋል። ይህ የሚደርስባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ጥቂት። ሌሎቹ «ባሌን ጠላሁት እንዴ?» እያሉ ለብቻቸው ይብሰለሰላሉ።

መጀመሪያ ችግሩ የቱ እንደሆነ ለዪ። ፍላጎቱ ጭራሽ አይመጣም? ወይስ ፍላጎቱ እያለ ሰውነት አይረጥብም፣ ያማል? ወይስ ሁሉም ደህና ሆኖ እርካታው ጋ መድረስ ነው ያቃተው? ወይስ አካልሽ ደንዝዟል? መፍትሔያቸው ይለያያል። እርካታ መዘግየት ወይም መቅረት የእነዚህ ክኒኖች የታወቀ ጠባይ ነው። ፍላጎት ማጣት ግን ከራሱ ከድብርቱም ይመጣል። ጡት ማጥባት፣ ማረጥ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ችግር፣ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያም ሊያመጣው ይችላል። ስለዚህ መቼ እንደጀመረሽ አስታውሺ፤ ከክኒኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ክኒን የጀመረች፣ ጾሙን አክብራ ለብቻዋ የምትተኛ ሴት ነገሩን የምታውቀው ከፋሲካ በኋላ ነው። ያኔ ሁለት ወር ሊሞላ ምን ቀረው? ክኒኑን መጠርጠርም አይመጣላት።

ክኒኑን በራስሽ አታቁሚ። አንዲት ጓደኛዬ ባሏ ከመስክ የሚመጣበትን ቀን ጠብቃ ሰርትራሊኗን መዝለል ጀመረች። ራሷ ይዞራል፣ ጭንቅላቷን ኤሌክትሪክ እንደነካው ዓይነት ንዝር ያደርጋታል፣ በሆነው ባልሆነው ታለቅሳለች። ሰውዬው ይህን ሊያይ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው? ፍሉኦክሴቲን ከሆነ ደግሞ ቅዳሜና እሁድን መዝለል ከንቱ ልፋት ነው፤ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። ጸበል ከሄድሽም ክኒንሽን ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ፤ ለሐኪሙ መንገር። ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ ብቻውን አይሆንም። ተለማማጅ አለ፣ ነርስ ትገባለች፣ በሩን ከፍቶ «የኔ ካርድ ገብቷል?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ አልጋ ጉዳይ አፍ አውጥቶ ማውራት ለማን ይቀላል? «እንዴት ነሽ?» ስትባይ «ደህና ነኝ» ብለሽ ማዘዣሽን ይዘሽ ትወጫለሽ።

መላው ወረቀት ነው። ቤት ቁጭ ብለሽ በግማሽ ገጽ ጻፊውና እንደተቀመጥሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ሰርትራሊን 50 ሚሊ ግራም እወስዳለሁ፣ ከጥር ጀምሮ። ድብርቱ ተሽሎኛል። ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ግን በግንኙነት ጊዜ እርካታ ላይ መድረስ አቅቶኛል፤ በፊት እንዲህ አልነበርኩም። መጠኑ ይቀነስ ወይስ መድኃኒቱ ይቀየር?»

«ድብርቱ ተሽሎኛል» የምትለዋን እንዳትተዪ። ሐኪሙ «ፍላጎት የለኝም» የሚለውን ብቻ ከሰማ፣ ድብርቱ አልለቀቃትም ብሎ መጠኑን ሊጨምር ይችላል። መጠን ሲጨምር ደግሞ ይሄኛው ችግር ይብሳል። ካልተሻለሽም እሱኑ ጻፊ፤ ሕክምናው ሌላ ነው።

በቅርቡ የጀመርሽ ከሆነ ጥቂት እንጠብቅ ሊልሽ ይችላል፣ ልክ ነው፤ አንዳንዴ በራሱ ይለቃል። ወራት ካለፉ በኋላ የሚመጣውን «ትለምጂዋለሽ» ግን ዝም ብለሽ አትቀበዪ። መጠን መቀነስ አለ። ወደ ቡፕሮፒዮን ወይም ወደ ሚርታዛፒን መቀየር አለ፤ ሁለቱም በወሲብ በኩል ቀለል ይላሉ። ሚርታዛፒን እንቅልፍና ክብደት ይጨምራል። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለባት አይሆንም፣ ካለብሽ ተናገሪ። ከማዘዙ በፊት የትኛው ሳይቆራረጥ እንደሚገኝ ጠይቂ፤ ከነማም ከግል ፋርማሲም አጣሪ። በየወሩ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ የምታሳድጂውን መድኃኒት መጀመር ትርፉ ድካም ነው።

አማኑኤል በር ላይ ሰው ያየኛል ብለሽ የቀረሽ ከሆነ፣ የአእምሮ ሕክምና ጥቁር አንበሳም አለ።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ቀላል ነው። ድርቀቱ ካስቸገረ ከፋርማሲ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል ግዢ። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ቫዝሊንና ቅባት አይነካው፣ ይቀደዳል። ሰውነት ማንቀሳቀስም ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች ከግንኙነት ትንሽ ቀደም ብለው ግማሽ ሰዓት ስፖርት ሲሠሩ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ጂም ባይኖርሽ ሳሎን ውስጥ ገመድ ዝለዪ። በቴሌግራም የሚቸበቸቡትን «የሴት ስሜት መቀስቀሻ» ጠብታዎች ግን እኔ አልነካም፤ ውስጣቸው ምን እንዳለ ማን ያውቃል?

ባልሽ በሌላ ሳይጠረጥርሽ ቀድመሽ ንገሪው። አልጋ ላይ አይሁን፤ ቡና እየጠጣችሁ ይሻላል። «መድኃኒቱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም» ይበቃል። አትቸኩሉ፣ ከመግባቱ በፊት ያለውን ጊዜ አርዝሙት።

መድኃኒቱ ከተቀየረልሽ ወይም መጠኑ ከተቀነሰ በኋላ ባሉት ሳምንታት ራስሽን ተከታተዪ። ድብርቱ ተመልሶ ከመጣ፣ በተለይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለበት፣ የቀጠሮሽን ቀን አትጠብቂ፤ ያኑ ዕለት ሂጂ።