ዳይፐር ፐልፕ ላይ ማዕድን ስንጨምር የምንሳሳታቸው ነገሮች

መጀመሪያ እንግባባ፣ ካኦሊንም (ነጭ ሸክላ) ሆነ ካልሲየም ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ ዱቄት) ውሃ እንዲጠጣልን ብለን አይደለም የምንጨምረው። ለዳይፐርና ለሞዴስ የሚሆን ፐልፕ (ከእንጨት የሚወጣ የሴሉሎስ ፋይበር) ሲደርቅ ፋይበሮቹ በሃይድሮጅን ቦንድ ክርር ብለው ይያያዛሉ፣ ከዛ ሃመር ሚል (በመዶሻ የሚመታ ወፍጮ) ገብቶ እንደ ጥጥ እስኪፈታ ጉልበት ይበላል፣ ፋይበሩም ይሰባበራል። የቅንጣቶቹ ሥራ መሃል ገብተው ማላቀቅ ነው፣ በቃ። (ለዚሁ ሥራ ሰርፋክታንት፣ ማለትም ሳሙና መሰል ኬሚካል፣ የሚጨምሩም አሉ፣ ግን ቅባታማ ጭራው ፋይበሩ ውሃ ቶሎ እንዳይስብ ያደርገዋል።)

በጣም የተለመደው ስህተት ዱቄቱን ከፐልፑ ጋር በጥብጦ ዝም ብሎ ማጣራት ነው። እኔም መጀመሪያ የሠራሁት ይሄንኑ ነው፣ ከወንፊቱ ሥር የወረደው ውሃ ወተት መስሎ ሳየው ገባኝ፣ ካኦሊኑ በሙሉ ሄዷል! ውሃ ውስጥ ሴሉሎስም ካኦሊንም ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፣ የሚያጣብቃቸው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት የሆነ ሞለኪውል) ያስፈልጋል፣ እሱም ጠብታ ያህል፣ ምክንያቱም ሲበዛ ሁሉም ፖዘቲቭ ይሆንና እንደገና መገፋፋት ይጀምራል።

ካርቦኔት የምትጠቀሙ ደግሞ አሉም የሚባለውን የአሉሚኒየም ጨው እንዳትጨምሩ። አሉም ውሃውን አሲድ ያደርገዋል፣ ኖራ ድንጋይ ላይ ሎሚ እንደመጭመቅ ማለት ነው፣ አረፋ ያወጣና ማዕድኑ ይሟሟል። የተለቀቀው ካልሲየም ደግሞ ዳይፐሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥ ጄል ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስራቸውና እንደልቡ እንዳያብጥ ያደርገዋል፣ ማለትም ፐልፑን ላሻሽል ብላችሁ ጄሉን ታበላሻላችሁ።

ልኬት ላይም ሰው ይሸወዳል። 10 ግራም ፓድ 2 ግራሙ ካኦሊን ሆኖ 80 ግራም ውሃ ቢይዝ በግራም 8 ይመጣና "ቀነሰ" ተብሎ ይደነገጣል፣ ለፋይበሩ ብቻ ካካፈላችሁት ግን 10 ነው፣ ፋይበሩ ምንም አልሆነም።

ፐልፑ ስንት ማዕድን እንደያዘ ለማወቅ አቃጥለን የምንመዝነው አመድስ? 900 ዲግሪ ላይ ካቃጠላችሁት 100 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት 56 ግራም ብቻ ነው የሚቀረው፣ ሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል፣ እናንተ ግን ማጣሪያው ላይ ጠፋ ብላችሁ ፖሊመር ትጨምራላችሁ። 525 ዲግሪ ላይ አቃጥሉት። ለካኦሊን ደግሞ ዱቄቱን ለብቻው አቃጥላችሁ ስንት እንደሚቀንስ ቀድማችሁ እወቁ፣ እሱም ውስጡ የታሰረ ውሃ ይለቃል።

የመጨረሻው አቧራው ነው። በደንብ ያልተያዘ ቅንጣት ወፍጮው ውስጥ ይረግፋል፣ መዶሻዎቹን ይበላል፣ ሳንባችሁም ይገባልና ማስክ አድርጉ። ለማረጋገጥ ከተፈታው ፐልፕ ቆንጠር አድርጋችሁ ጥቁር ወረቀት ላይ አራግፉት፣ ነጭ ዱቄት ከቀረ ፖሊመሩ ሥራውን አልሠራም።