በምሕጻረ ቃልና በባዕድ ቃል ላይ የአማርኛ ቅጥያ አጨማመር

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ማመልከቻ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የባነር ጽሑፍ ስተይብ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከሚመጣልኝ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ አብዝቼ የማርመው ኤቲኤም፣ ፒዲኤፍ፣ ባጃጅ፣ ት/ቤት፣ ዓ.ም. የመሳሰሉትን ነው። ጸሐፊው ቃሉን ያውቀዋል፤ የሚቸግረው «ኡ» ወይም «ኦች» ሲጨምርበት ነው። አንዱ «ኤቲኤም-ኡ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ኤቲኤምው» ይላል፣ ሌላው ደግሞ ቅጥያውን ፈርቶ ጨርሶ ይተወዋል። ሦስቱም አንድ ነገር ስለዘነጉ ነው፤ ቅጥያ የሚታዘዘው ቃሉ ሲነበብ ለሚሰማው የመጨረሻ ድምፅ ነው። ስለዚህ እጅ ከመጻፉ በፊት አፍ ቃሉን ከነቅጥያው ጮክ ብሎ ይበለው።

በአማርኛ አንድ የተባዕት ስም የታወቀ መሆኑን የሚያመለክተው ቅጥያ ሁለት መልክ አለው። ቃሉ በሳድስ ፊደል ካለቀ ያው ፊደል ወደ ካዕብ ይለወጣል፤ «ባንክ» «ባንኩ»፣ «ኮምፒውተር» «ኮምፒውተሩ» ይሆናል። በአናባቢ ካለቀ ደግሞ የመጨረሻው ፊደል ሳይነካ «ው» ይከተለዋል፤ «ካሜራ» «ካሜራው»፣ «ታክሲ» «ታክሲው»፣ «ራዲዮ» «ራዲዮው» ይባላል። ብዙ ቁጥርም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ «ባንኮች» ስንል ሳድሱ ወደ ሳብዕ ይለወጣል፣ «ካሜራዎች» ስንል ግን «ዎች» ይጨመራል። በፊደል ስሞች የሚነበብ ምሕጻረ ቃልም ከዚህ ሕግ አይወጣም። «ኤቲኤም» በ«ም» ስለሚያልቅ «ኤቲኤሙ» እና «ኤቲኤሞች»፣ «ፒዲኤፍ» በ«ፍ» ስለሚያልቅ «ፒዲኤፉ» እና «ፒዲኤፎች» ይሆናል፤ «ሲዲ» እና «ቲቪ» በ«ኢ» ስለሚያልቁ «ሲዲው»፣ «ቲቪው»፣ «ሲዲዎች» ይባላሉ። የራስን ንብረትነት ስናመለክትም እንዲሁ ነው፤ «ሞባይሌ»፣ «ላፕቶፔ» እንላለን፣ ነገር ግን «ራዲዮዬ»፣ «ካፌዬ»፤ የሥራ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰውም «ሲቪዬን አያይዤ አቅርቤአለሁ» ሊል ይገባዋል።

ጎንደር ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር እጅ ቆይታለች፤ ፒያሳ የሚለው ስምም እስከ ዛሬ በከተማዋ አለ። ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡት እንደ መኪና፣ ፋብሪካ፣ ጎማ እና ፖስታ ያሉት ቃላት በአናባቢ ስለሚያልቁ «ው» እና «ዎች» ያለ ችግር ተቀጥለውባቸዋል። ከእንግሊዝኛ የመጡት ግን በብዛት በተናባቢ ያልቃሉ፤ የሚያምታታው የእነዚህ ነው፤ ጸሐፊው የባዕዱን ቃል የመጨረሻ ፊደል መለወጥ ቃሉን ማበላሸት ይመስለዋልና። አይበላሽም። ባጃጅ የፋብሪካ ስም ነበር፤ ዛሬ ግን በመንገዳችን ላይ «ባጃጁ ቆመ»፣ «ባጃጆቹ ተሰለፉ» ስንል ማንም አይደናገጥም። ሾፌሩ ራሱ «ባጃጇ» ብሎ በአንስታይ ሲጠራትም ፊደሉ «ጇ» ሆኖ ይለወጣል፤ «ነርስ» «ነርሷ»፣ «ዳይሬክተር» «ዳይሬክተሯ» እንደሚሆነው ማለት ነው።

ቅጥያውን በጭረት ከቃሉ መለየት እንደ ጥንቃቄ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ይህ በሌላ ቋንቋ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ቱርኮች ለምሳሌ የሚጽፉት እንደዚህ ነው። በቱርክኛ የተጸውኦ ስም ወይም በትልልቅ ፊደላት የተጻፈ ምሕጻረ ቃል ቅጥያ ሲከተለው በመካከሉ ከላይ የምትንጠለጠል ነጠላ ምልክት ትገባለች፤ «በአንካራ» ለማለት «አንካራ’ዳ»፣ «በኢዝሚር» ለማለት «ኢዝሚር’ዴ» ብለው ይጽፋሉ። «ዳ» እና «ዴ» የተለያዩት የቱርክኛ ቅጥያ የቃሉን የመጨረሻ አናባቢ ተከትሎ ስለሚለዋወጥ ነው። ምሕጻረ ቃል ሲሆን የሚታየው የመጨረሻው ፊደል አነባበብ ነው፤ የአገሪቱ የራዲዮና የቴሌቪዥን ተቋም ምሕጻር «ቴሬቴ» ተብሎ ስለሚነበብ «ዴ»ን ይወስዳል። በትንንሽ ፊደላት የሚጻፈው የኪሎ ግራም ምሕጻር ግን በሙሉ ቃሉ ስለሚነበብ፣ «ከ» ለማለት የሚቀጠልበት «ዳን» እንጂ «ዴን» አይደለም። እንግዲህ እነርሱም የሚታዘዙት ለጆሮ ነው። ምልክቷ ግን ለእኛ አትሆንም። የእነርሱ ጽሕፈት ተናባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ በመካከል የሚቆረጥበት ቦታ አለው፤ በእኛ ፊደል «ሙ» አንድ አካል ናት፣ «ም» እና «ኡ» ተብላ አትከፈልም። «ኤቲኤም-ኡ» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን «ኤቲኤም» ላይ አስቁሞ «ኡ»ን ለብቻዋ እንዲያነባት ያስገድደዋል።

በዚሁ ሕግ ውስጥ ጥንቁቁን ጸሐፊ ሳይቀር የሚያስቱ ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው «ሾው» እና «ኢንተርቪው» ናቸው። እነዚህ ከመጀመሪያው በሳድሱ «ው» ስለሚያልቁ፣ እንደ ማንኛውም ሳድስ ወደ ካዕብ መለወጥ አለባቸው፤ «ሾዉ ትናንት ተላለፈ»፣ «ኢንተርቪዉን ሰማሁት» ተብሎ በ«ዉ» ይጻፋል። «መኪናው»፣ «ካሜራው» ላይ ግን «ው» ራሷ ቅጥያ ስለሆነች በሳድስነቷ ትቆያለች፤ «መኪናዉ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ሁለተኛው «ሜኑ» ነው። ቃሉ በካዕብ ስለሚያልቅ ቅጥያውን አስቀድሞ የወሰደ ይመስላል፤ አልወሰደም፤ ምግብ ቤት ገብቶ አስቀድሞ የተነገረለትን ዝርዝር የሚጠይቅ ሰው «ሜኑውን አምጪልኝ» ማለት አለበት።

ምሕጻረ ቃል ሁሉ ግን «ኡ»ን አይቀበልም። ኤቲኤም የማንኛውም ገንዘብ መክፈያ ማሽን የወል መጠሪያ ነው፤ ዩኔስኮ፣ ኢጋድ፣ ፊፋ ግን የአንድ ድርጅት የተጸውኦ ስም ናቸው። የተጸውኦ ስም በራሱ የታወቀ ስለሆነ «ዩኔስኮው» አይባልም፤ «በዩኔስኮ»፣ «የዩኔስኮ»፣ «ዩኔስኮን» እንላለን፣ ሁለተኛ ጊዜ ስንጠራው ደግሞ «ድርጅቱ» ብለን እንተካዋለን። «ተመድ»ም እንዲሁ ነው፤ በሳድስ ቢያልቅም «ተመዱ» የሚል የለም።

ተመድ የተገኘው «የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት» ከሚለው ሲሆን መነሻው «የ» በምሕጻሩ ውስጥ አልገባም። በሙሉ ስሙ ስንጽፍም በፊቱ «በ»፣ «ለ» ወይም «ከ» ሲመጣ «የ» ስፍራዋን ትለቃለች፤ «በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት»፣ «ለዓለም ጤና ድርጅት» ይባላል። ይህን ሳልጠነቀቅ ቀርቼ ተጎድቻለሁ። አንድ ዓመት ለጥምቀት የሚሰቀል ባነር ስሠራ የመጣልኝ ጽሑፍ «በየዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ፋሲል ግቢ» ይል ነበር፤ እኔም እንዳለ ተየብሁት፣ ታተመም። አንድ አዛውንት መምህር ቆመው አነበቡትና «ልጄ፣ ይህ እኮ በእያንዳንዱ ዓለም ማለት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ «በየቤቱ»፣ «በየዓመቱ» እንደምንለው «በየ» የእያንዳንዱን ትርጉም ይሰጣል። ባነሩ በኪሳራ እንደገና ታተመ። ከዚያ ወዲህ «በየ»፣ «ለየ»፣ «ከየ» ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ አነባለሁ።

በእዝባር የሚያጥሩት ምሕጻሮች ቀላል ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ የቃሉን መጨረሻ ይዘው ስለሚቀሩ ቅጥያው እዚያው ላይ ያርፋል። «ት/ቤት» «ት/ቤቱ»፣ «ጽ/ቤት» «ጽ/ቤታችን»፣ «ዶ/ር» «ዶ/ሩ» ወይም «ዶ/ሯ»፣ «መ/ር» በብዙ ቁጥር «መ/ራን» ይሆናል። «ጠ/ሚ» ግን የቃሉን መጨረሻ ጥሎ የሄደ ምሕጻር ስለሆነ «ጠ/ሚው» ቢባል ማንም እንደዚያ አያነበውም፤ ቅጥያ ሲመጣ «ጠ/ሚኒስትሩ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ማዕረግ ከስም በፊት ከመጣ ደግሞ «ለ» እና «የ» ማዕረጉ ላይ፣ «ን» ስሙ ላይ ይውላሉ።

በነጥብ የሚያጥሩት ናቸው አስቸጋሪዎቹ። «ዓ.ም.» እና «ኪ.ሜ.» ሲነበቡ ሙሉ ቃላቸው ይነበባል፤ ስለዚህ «ኪ.ሜ.ኡን» ወይም «ኪ.ሜ.ውን» ከመጻፍ «ኪሎ ሜትሩን» ብሎ መዘርዘር ይገባል። በእኔ አስተያየት ነጥብ ያለበት ምሕጻር ድኅረ ቅጥያ ፈጽሞ ባይጨመርበት ይመረጣል። ቅድመ ቅጥያው ደግሞ ቁጥሩ ላይ ይግባ፤ «በ1928 ዓ.ም.»፣ «የ2016 ዓ.ም. ዕቅድ» ይባላል። «እ.ኤ.አ.» ላይ ስሕተቱ የበዛ ነው። ምሕጻሩ «እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር» ማለት ስለሆነ «በእ.ኤ.አ. 1979» ሲነበብ «በእንደ ኤውሮፓውያን» ይሆናል፤ እንዲህ ያለ አማርኛ የለም። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ «ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979፣ የጥምቀት በዓል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።»

የትኛው ቅጥያ እንደሚስማማ ጆሮ ሳይወስን ሲቀር ከምሕጻሩ በኋላ አንድ የታወቀ ስም አስገብቶ ቅጥያውን ለእርሱ መስጠት ይቻላል። «ኤፍኤሙ» ከማለት «የኤፍኤም ጣቢያው»፣ «ኤንጂኦው» ከማለት «ድርጅቱ»፣ «ዩኤስቢውን» ከማለት «የዩኤስቢ ገመዱን» ማለት ለአንባቢም ይበልጥ ይገልጻል። በላቲን ፊደል የተጻፈ ምሕጻር ላይ የእኛን ቅጥያ መለጠፍ ግን ሁለት ጽሕፈት በአንድ ቃል ውስጥ ማደባለቅ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ወደ ፊደላችን መመለስ አለበት። ለግስ ደግሞ ማድረግ የሚለው ግስ ይበቃል፤ «ሴቭ አደረገው»፣ «ዲሊት አድርጊው» እንላለን።

በአኀዝ የተጻፈ ቁጥርም እንደ ምሕጻር ይቆጠራል። «5ቱ» የምንለው «አምስቱ» ስለሚነበብ ነው፤ «10ሩ» የምንለው «አሥሩ» ስለሚነበብ ነው፤ «በ1960ዎቹ» የምንለው ቁጥሩ በ«ስድሳ» ስለሚያልቅ ነው። ጎንደር «አርባ አራቱ ታቦት» ሲባል የሰማ ሰው «44ኡ» ወይም «44ው» ብሎ ሊጽፍ አይችልም፤ «አራቱ» ውስጥ የሚሰማው «ቱ» ነውና «44ቱ» ይጻፋል። ቅድመ ቅጥያውም ከአኀዙ ጋር ይጣበቅ። «በ 44 ቱ» ተብሎ ተበታትኖ ከተተየበ ኮምፒውተሩ መስመሩ ሲሞላ ቁጥሩን ከቅጥያው ይለያየዋል፤ «ቱ» ብቻዋን በሚቀጥለው መስመር ራስ ላይ ወድቃ ትገኛለች።