ዋይፋዩ እየያዘ ኢንተርኔት እምቢ ሲል፦ አይፒ አሰጣጥ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ቅዳሜ ማታ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለ ገስት ሀውስ ተጠራሁ። ባለቤቷ "ወንድሜ፣ መስመሩ ተቋርጦብናል" አሉኝ። የአንድ እንግዳ ላፕቶፕ ከፍቼ አየሁ። አይፒ አድራሻው፣ ማለትም መሣሪያው ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ በ169.254 ይጀምራል። ይህን ቁጥር ካያችሁ መስመሩን ለመጠርጠር አትቸኩሉ። ላፕቶፑ አድራሻ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው።

አድራሻ በራሱ የሚታደልበት አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል። መሣሪያው "አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?" ብሎ ይጣራል። ራውተሩ አንድ ያቀርብለታል። መሣሪያው "እሱን እወስዳለሁ" ይላል። ራውተሩም ለተወሰነ ሰዓት ያጸድቅለታል።

የመጀመሪያው ስህተት ጥቂት አድራሻ ለረጅም ሰዓት መስጠት ነው። የገስት ሀውሱ ራውተር 50 አድራሻ ብቻ ነበረው፣ እያንዳንዱን ለ24 ሰዓት ይሰጣል። ስልክና ላፕቶፕ የያዙ 25 እንግዶች ይጨርሱታል። ጠዋት የወጡት አዲስ አበባ ገብተዋል፣ አድራሻው ግን አሁንም በስማቸው ነው። ልክ የክፍሉን ቁልፍ ይዘው እንደሄዱ ማለት ነው። ሠራተኞቹ ራውተሩን አጥፍተው ሲያበሩት መዝገቡ ስለሚጠፋ ለጊዜው ይሠራል፤ ማታ ላይ እንደገና ይቆማል። ሰዓቱን ወደ 2 አወረድኩት፣ አድራሻውንም ከ192.168.1.50 እስከ 192.168.1.250 አሰፋሁት። ሰዓቱ አጠረ ብላችሁ አትስጉ። እዚያው ያለ መሣሪያ ግማሹ ሰዓት ሲደርስ ራሱ ያሳድሳል።

ሁለተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ ዋይፋይ ለማስፋት ሌላ ራውተር ገዝቶ እንዳለ መሰካት ነው። ሁለቱም አድራሻ ያድላሉ። መሣሪያው ቀድሞ የደረሰውን ስለሚቀበል አንዱ ጠረጴዛ ይሠራለታል፣ ጎኑ ያለው አይሠራለትም። እባካችሁ ከመሰካታችሁ በፊት የሁለተኛውን ዲኤችሲፒ አጥፉ። የራሱን አድራሻም 192.168.1.2 አድርጉት። ከዚያ ኬብሉን ከአንዱ ራውተር ላን (የውስጥ መሣሪያዎች የሚሰኩበት ቀዳዳ) ወደ ሌላው ላን አገናኙ።

ፕሪንተር ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ፎቶኮፒ ቤቶችን ያማርራል። አድራሻውን በእጅ ይሞሉና ራውተሩ ከሚያድላቸው መሃል ይመርጣሉ። ፕሪንተሩ ጠፍቶ ሳለ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለአንድ ደንበኛ ስልክ ይሰጣል። ፕሪንተሩ ሲበራ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ወረቀት አይወጣም። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ በፕሪንተሩ ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው መለያ) ቋሚ ቁጥር ያዙለት።

ለስልክም እንዲሁ ልትይዙ ከሆነ፣ የዘመኑ ስልኮች የውሸት ማክ ስለሚያሳዩ ለዚያ ዋይፋይ ትክክለኛውን እንዲጠቀም ቀድማችሁ አስተካክሉት።