ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሳን ሲሮ ለመግባት

በጣሊያኗ ሚላን ከተማ፣ ኢንተርና ኤሲ ሚላን በሚጫወቱበት ሳን ሲሮ ስታዲየም ጨዋታ ሊያይ የተነሳ ሰው የሚሰናከለው ሚላን ላይ ሳይሆን ገና እዚሁ ነው፤ ቀን ላይና ስም ላይ።

የሴሪ አ (የጣሊያን ከፍተኛው ሊግ) መርሐ ግብር ክረምት ላይ ቢወጣም የጨዋታው ቁርጥ ቀንና ሰዓት የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ቅዳሜ ስትጠብቁት ለቴሌቪዥን ሲባል ሰኞ ማታ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከዓርብ እስከ ማክሰኞ የሚያቆይ ጉዞ ያዙ። የሸንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይጠየቃል፤ መልሱ በ15 ቀን ይደርሳል ቢባልም እስከ 45 ቀን ሊጎተት ይችላል። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። አሻራ የሚሰጠው አዲስ አበባ ስለሆነ ለዚያም አንድ ጉዞ አስቡ።

የስታዲየም ትኬት በስም ይሸጣል፤ በር ላይም ከፓስፖርት ጋር ይመሳከራል። ቅጹ «ኖሜ» የሚለው የራስ ስም ነው፤ «ኮኞሜ» የቤተሰብ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። መገመት አያስፈልግም፦ የፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ግርጌ ላይ ከሀገር መለያው ሦስት ፊደላት ቀጥሎ፣ ሁለት ተከታታይ የቀስት ምልክቶች (<<) እስኪመጡ ያለው ኮኞሜ ነው፤ ከምልክቶቹ በኋላ ያለው ኖሜ። ከሌላ ሰው የተገዛ ትኬት ስሙ ካልተዛወረ ከበር ያስመልሳል።

ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ አውሮፕላን አለ። በአውቶቡስ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት በኩል ያለው መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። የአየር ትኬቱ «ሐሙስ 00:30» ካለ ለሐሙስ አጥቢያ ማለት ነው፤ ቦሌ የምትገኙት ረቡዕ ማታ ነው።

ከማልፔንሳ አየር ማረፊያ በማልፔንሳ ኤክስፕረስ ባቡር ካዶርና ጣቢያ ውረዱ፤ ወደ ቼንትራሌ ጣቢያ የሚሄደው ሌላ ባቡር ነው። ከካዶርና ቀዩን ሜትሮ ያዙ። መስመሩ ፓጋኖ ላይ ለሁለት ይከፈላል፦ ፊቱ ላይ «ሮ ፊዬራ» የሚለውን ተሳፈሩ፤ «ቢሼልዬ» የሚለው ከወሰዳችሁ ፓጋኖ ወርዳችሁ ቀይሩ። ከካዶርና አምስተኛው ጣቢያ ሎቶ ነው። እዚያ ወደ ሐምራዊው የሜትሮ መስመር፣ ኤም 5፣ ተሻገሩ፤ ሾፌር የለውም፣ አትደንግጡ። በሦስተኛው ጣቢያ ሳን ሲሮ ስታዲዮ ያበቃል። አካባቢው ላይ አክሱም አደባባይ፣ ሐረር ጎዳና፣ ደሴ ጎዳና የሚሉ ስሞች ታያላችሁ፤ በጣሊያን ወረራ ማግስት የቀሩ ስሞች ናቸው፣ ለመቀጣጠሪያ ግን ይመቻሉ።

ስታዲየሙ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1926 ኢንተር ኤሲ ሚላንን 6 ለ 3 ባሸነፈበት ጨዋታ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት ቀያይ ምሰሶዎችና ሦስተኛው እርከን የመጡት ለ1990 የዓለም ዋንጫ ነው። ሦስተኛው እርከን ርካሽ ቢሆንም ደረጃው ብዙ ነው፤ ጉልበታችሁ የማያስችል ከሆነ ሁለተኛውን ያዙ። አረንጓዴው ጎን የኢንተር ደጋፊዎች፣ ሰማያዊው የሚላን ነው፤ የሌላኛውን ማሊያ ለብሳችሁ አትግቡበት። የውሃ ጠርሙስ ክዳን በር ላይ ይወሰዳል። የከተማው ምክር ቤት በ2025 ስታዲየሙ ለሁለቱ ክለቦች እንዲሸጥ ስላጸደቀና አጠገቡ አዲስ ሊሠራ ስለታሰበ፣ ለማየት ያሰበ ባይዘገይ ይሻላል።

ትኬቱ ላይ 20:45 የሚለው በእኛ አቆጣጠር የእነሱ ምሽት 2፡45 ነው። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ሳን ሲሮ ስታዲዮ ጣቢያ ላይ ሰልፉ ይረዝማል፤ ከሕዝቡ ጋር እስከ ሎቶ በእግር ሂዱና ቀዩን ከዚያ ያዙ።