የሒሳብ ትምህርት፦ መቼ ማስረዳት፣ መቼ ተማሪዎችን ማመራመር ይሻላል?

ልማዳዊ በሚባለው ዘዴ መምህሩ ደንቡን ያስረዳል፣ ምሳሌውን በሰሌዳ ላይ ደረጃ በደረጃ ሠርቶ ያሳያል፤ ተማሪዎችም ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ይለማመዳሉ። በተማሪ ተኮሩ ዘዴ ግን ጥያቄው ከደንቡ ይቀድማል፤ ተማሪዎች ሞክረውና ተከራክረው የደረሱበትን ካስረዱ በኋላ መምህሩ ያጠቃልላል። ሁለቱን የሚያወዳድር መምህር ለዕለቱ ርዕስና ለተማሪዎቹ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ በመጠየቅ ቢጀምር ይበጀዋል።

በቅድሚያ ይዘቱን ይለዩ። የ2 + 3 × 4 ውጤት 20 ሳይሆን 14 የሚሆነው ማባዛት እንዲቀድም ስምምነት ስላለ ነው፤ ስምምነት ደግሞ በማሰብ ብቻ የሚደረስበት ስላልሆነ በቀጥታ ሊነገር ይገባል። የጎነ ሦስት ስፋት ለምን የመሠረቱና የከፍታው ብዜት ግማሽ እንደሆነ ግን ተማሪው ወረቀት ቆርጦ በመገጣጠም ራሱ ሊያገኘው ይችላል።

ቀጥሎ ቅድመ ዕውቀታቸውን ይመርምሩ። ተመራማሪዎቹ ስዌለርና ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት የአልጀብራ ጥናት፣ ተሠርተው የቀረቡ ምሳሌዎችን ያጠኑ ተማሪዎች ጥያቄዎችን በራሳቸው ሲፈቱ ከቆዩት ይልቅ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በፍጥነትና በጥቂት ስሕተት ሠርተዋል። ስለዚህ ለርዕሱ እንግዳ የሆነን ተማሪ ያለ እገዛ «ራስህ ድረስበት» ብሎ መተው ተማሪ ተኮር ሊባል አይገባውም።

ሁለቱ ዘዴዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊጣመሩም ይችላሉ። ብዙ ተማሪዎች 1/2 + 1/3ን ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው 2/5 ይላሉ። በዚህ ጊዜ ለማረም አይቸኩሉ፤ «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው ይጠብቁ። በግማሽ ላይ ተጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ ውጤት እንዴት ሊገኝ እንደቻለ ተማሪዎቹ መጠየቅ ሲጀምሩ፣ አንድ ሬክታንግል ለ6 እኩል ክፍሎች ከፍለው 3/6 እና 2/6ን እንዲያቀልሙ ያድርጉ። 5/6ን በዓይናቸው ካዩ በኋላ የጋራ ታህት አወጣጡን በሰሌዳው ላይ በጥራት ሠርተው ያሳዩ፤ በቂ መልመጃም ይስጡ።

በቡድን ሥራ አንዱ ጎበዝ ሠርቶ ሌሎቹ እንዳይገለብጡ፣ በቅድሚያ እያንዳንዱ ለብቻው ይሞክር፤ አስረጂውንም እርስዎ ይምረጡ። በገለጻ ጊዜ ደግሞ «ገብቷችኋል?» ሲባል በኅብረት የሚመለሰውን «አዎ» አይመኑ።

ከሳምንት በኋላ አንድ የተለመደና አንድ አዲስ መልክ ያለው ጥያቄ ይስጡ። የተለመደውን ሠርተው አዲሱ ካቃታቸው ውይይት ይጨምሩ፤ ምክንያቱን እያስረዱ ስሌቱ ላይ ከተሳሳቱ ግን መልመጃ ያብዙ።